ጠብታ የማታፈስ እጅ

ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ዳር ባለው የከባድ መኪና ግቢ ውስጥ፣ እንደ ኦቦ ቢቂላ እጁ የረጋ ሰው አልነበረም። ይህን ጠላቱም ይመሰክራል።

ሥራው አድብሉ መቅዳት ነው። አድብሉ አዲሶቹ መኪኖች ጭሳቸውን የሚያጣሩበት ፈሳሽ ነው፤ ሲያዩት ውሃ ይመስላል፣ ነገሩ ግን ያው ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ ማዳበሪያ በውሃ ተበጥብጦ ነው። ከናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ ከሳልባትዮው አጠገብ ሰማያዊ ክዳን ያላት ትንሽ አፍ አለችው። ቢቂላ መጀመሪያ ዙሪያዋን በጨርቅ ይጠርጋል። ቱቦውን ጀሪካኑ ላይ አጥብቆ ይገጥማል፣ ጀሪካኑን ጭኑ ላይ ያስደግፍና ቀስ አድርጎ ያዘነብላል። እስከ አፉ አይሞላም፤ አራት ጣት ሲቀረው ያቆማል፣ ቱቦውንም ጫፉን በጨርቅ ይዞ ያወጣዋል። በሦስት ዓመት አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም።

«ኦቦ፣ ጠበል ነው እንዴ የሚቀዱት?» ይሉታል ሾፌሮቹ።

ይሳቁ እንጂ፣ ምን ያውቃሉ! ከአጥሩ ማዶ ከቢቂላ ማሳ የተረፈችው ቁራጭ መሬት ላይ ቡሬ ታስራ ትውላለች። ግቢው ራሱ ድሮ የቢቂላ የጤፍ ማሳ ነበር፤ እሱ ሌላ ቁስል ነው፣ ይቆይ። ቡሬ ከዘጠኝ ከብት የተረፈች አንዲት ላም ናት፤ እርጉዝ ናት፣ ለመውለድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ከሚስቱ ከወርቅቱ መዳፍ ጨው እየላሰች ስላደገች ጨው ጨው የሚል ነገር አይታ አታልፍም። ቢቂላ ደግሞ የጎረቤቱ በሬ ዩሪያ ልሶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እየጮኸ ሲሞት በዓይኑ አይቷል። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

በየካቲት አንድ ቀን፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ አምስት መኪና ተሰለፈ። የግቢው ኃላፊ ውብአየሁ መጣ። ውብአየሁ የቢቂላ ልጅ እኩያ ነው፤ ሽማግሌውን ግን አንተ ነው የሚለው።

«ሙሽራ ነው የምትኩለው? ፍጠን እንጂ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ልጄ።»

«እኔን ነው የምትተርተው? አምጣ ወዲህ!»

ጀሪካኑን ነጠቀና የመጀመሪያው መኪና ላይ ያለ ቱቦ ደፋው። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ በመኪናው ጎን ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተንጣለለ፣ ከዚያም በአጥሩ ሥር ባለችው ቦይ ወደ ማሳው ሄደ።

ቢቂላ ደረቀ። «ውሃ ልድፋበት» አለ። «አንድ ባልዲ ብቻ። ላሜ እዚያ ናት፣ በፈጠረህ!»

ውብአየሁ ሳቀ። «ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለላምህ ብዬ መሬት ላጥብ? ሥራውን ጥለህ ከሄድህ ግን ነገ እዚህ እንዳላይህ።»

ምን ያድርግ? ገመዷ እስከ ቦዩ አይደርስም ብሎ ራሱን አጽናና። እውነቱን ነው፣ ገመዷ አይደርስም ነበር። እሷ ወደ ቦዩ ባትሄድ ቦዩ ወደ እሷ ሄደ። ያን ቀን ገና ውሃ አልጠጣችም ነበር፤ የፈሰሰው እግሯ ሥር ሲደርስ ላሰችው።

ቢቂላ ቀጣዮቹን ሁለት መኪኖች ሞላ። አራተኛው ላይ ጀሪካኑን ገና እንዳዘነበለ ቡሬ ጮኸች።

ጩኸቷን ለየው። ሩጥ፣ ሩጥ አለው ልቡ። ጀሪካኑ ግን ጭኑ ላይ ነው፣ ቱቦው መኪናው አፍ ውስጥ ነው፤ ከለቀቀ ይፈሳል። እጁ አልለቅም አለች። ቡሬ ደግማ ጮኸች። እሱ ፈሳሹ እንዳይንጠባጠብ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ይቀዳል፤ እንባው ግን አገጩ ላይ ደርሷል። ሦስተኛው ጩኸት ቀጭን ነበር። አራት ጣት ሲቀር አቆመ። የቱቦውን ጫፍ ጠረገ። ሰማያዊውን ክዳን ጠምዝዞ ዘጋ። ከዚያ ሮጠ።

ቡሬ በጎኗ ወድቃ እግሯ ይንፈራገጣል፣ ሆዷ ከበሮ ሆኗል። «ኮቱ ቡሬ፣ ነይ የኔ እናት፣ ኮቱ!» አላት። አልተነሣችም። እሷ ጸጥ ካለች በኋላ ጥጃው ሆዷ ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እሱም ተወ።

ውብአየሁ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!» አለ። ሾፌሮቹ ሳቁ። «በል፣ አምስተኛው መኪና ይጠብቃል።»

ወርቅቱ ከተጂ ገበያ ስትመለስ ቢቂላ ላሟ ራስጌ ተቀምጦ ነበር። ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ የቡሬን አፍ ጠረገች፤ ከንፈሯ ላይ የደረቀው ነጭ ነገር ጨው ይመስላል። ጎረቤት ሁሉ ጩኸቷን እንደሰማ በመንገድ ነግረዋታል።

«ስትጠራህ አልሰማሃትም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ቢቂላ እጆቹን አየ። ደረቅ ነበሩ።

«እየቀዳሁ ነበር» አለ።