ሰፈሩ ሁሉ ቁጥር ሁለት የተቆረጠበት ወር

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ራዲዮ» ያለው በከንቱ አይደለም። ደንበኛው ተቀምጦ ፎጣው አንገቱ ላይ እስኪታሰር እንኳ አይታገስም፤ ዜናው፣ የኳሱ ውጤት፣ የጎረቤት ጠብ በተርታ ይለቀቃል። ማጥፊያ የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ወንዶች አማረሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ፀጉር ቤት አልሄዱም።

ታዲያ አንድ ሰሞን ራዲዮ ዝም አለ። ሰፈሩስ ምን አደረገ? ደነገጠ? ጠየቀ? የለም፣ አመሰገነ!

«ተመስገን፣ ሰው ሆነ» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

«ዕድሜ ነዋ፤ በሰለ» አለ ጫማ ሰፊው።

የሚስቱ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ደግሞ ጥልቅ ምርምሩን አቀረበ፦ «ባትሪው አልቆ ነው!»

ሦስቱም ተሳሳቁ። እንዲህ ያለው የሊቃውንት ጉባኤ በየሰፈሩ ሞልቷል። ሰው ዓይኑ ሥር ሲሰምጥ ቆሞ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ በኋላ ደረቱን እየመታ «ምነው ሳይነግረን!» ይላል።

ጉባኤው ያላየው ይሄን ነው። ራዲዮ ሳይነጋ ይነቃል፣ ተመልሶ እንቅልፍ አይወስደውም። ምግቡ አፉ ውስጥ ወረቀት ይሆንበታል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ምላጩን እንደያዘ መስታወቱ ፊት ቆመ። ከሚገባው በላይ ቆመ። የመጣበትን ሐሳብ ለራሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው አላሰበውም። ምላጮቹን ሁሉ ለቅሞ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተተና ሱቁን ክፍቱን ትቶ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

«እንኪ፣ ይሄን ደብቂልኝ» አላት ሚስቱን።

«ለምን?»

«አሁን ዘመኑ የማሽን ነው።»

ሚስቱ ሣጥኑን ወሰደች። ነገር ግን አንዲት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። አስቀምጪልኝ ቢል ምን ነበረበት? ደብቂልኝ ማለት ከማን?

ከዚያ ወዲያ ራዲዮ በማሽን ብቻ መሥራት ጀመረ። እሱም ቢሆን ከበደው፤ ከሁሉም የከበደው መምረጥ ነበር። «ጎኑን ዝቅ፣ ከላይ ተወት፣ ከኋላ ጠጋ» የሚለው ደንበኛ ተራራ ግፋ ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ቁጥር ሁለት የተጻፈበትን፣ ፀጉሩን ሁሉ እኩል የሚያሳጥረውን ማበጠሪያ ሰካበት፤ እንደሰካውም ተወው። ሽማግሌ መጣ፣ ቁጥር ሁለት። ጎረምሳ መጣ፣ ቁጥር ሁለት። ባለ ጎፈሬው መጣ፣ አለቀሰ፣ ቁጥር ሁለት። በአንድ ወር ውስጥ የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ከአንድ እስር ቤት የተፈታ መሰለ። ጎረምሶቹ «ፋሽን ነው» አሉ። የማዶ ሰፈር ጎረምሶችም መኮረጅ ጀመሩ።

ነገሩ የከነከናቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር። አናታቸው ላይ የሚቆረጥ ፀጉር ካጡ ቆይተዋል፤ ፀጉር ቤት የሚመጡት ለፂማቸውና ለጠባቸው ነው። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ሊጠብቁ ሰልፍ ላይ ቆመው ከፊታቸው ያለውን ማጅራት ቆጠሩ። ዘጠኝ ራስ፣ ዘጠኙም አንድ። አውቶቡሱን ትተው በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዱ፤ ከራዲዮ ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ራዲዮ!»

«አቤት ጋሼ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«እሱን መቼ ጠየቅኩህ? ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ዘጠኝ ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ይዞ ከመጣ መልሱ የአንድ ሰው ነው፤ እሱን ነው ጠርቼ የማናግረው።»

«ፋሽን ነው ይላሉ፣ ጋሼ።» ማሽኑን አስነሣና ወደ ፂማቸው ጎንበስ አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት ዝም በል ስልህ ያልሰማኸኝ ሰውዬ፣ አሁን ማን ብሎህ ነው ዝም ያልከው?»

ራዲዮ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው፣ እንባው ቀደመ። ማሽኑ እጁ ላይ ባዶውን ይጮኻል። መምህሩ ተነሥተው ሶኬቱን ነቀሉት። ሱቁንም ራሳቸው ዘጉና ክንዱን ይዘው ቤቱ አደረሱት።

ሚስቱ ገና ሲገቡ ነገሩ ገባት። «ጋሼ፣ ምላጮቹን ሰጥቶኝ ደብቂልኝ ነው ያለኝ እኮ! አስቀምጪልኝ አላለኝም!»

«ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አሉ መምህሩ።

ሶፋው ላይ ተንጋሎ የነበረው ወንድሟ ብድግ አለ። «ጤና ጣቢያ? እብድ ልታስብሉት ነው? ሱቅ ዘግቶ መቆዘም ስንፍና ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ትንሽ ወጣ ወጣ ይበል፣ ይለቀዋል!»

«መኪናህ ዘይት ሲያንጠባጥብ ወጣ ወጣ ይበል ትላለህ?» አሉት መምህሩ።



ለነገሩ ሾፌሩ የተናገረው የሰፈሩን ሳይንስ ነው። በዚህ ሳይንስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ ልብሱን ቀዶ መንገድ ላይ የሚጮኸው እብድ ነው፣ የተቀረው ጤነኛ ነው። ራዲዮ ልብሱን አልቀደደም፤ እንዲያውም ሸሚዙ የተተኮሰ ነበር። ስለዚህ ጤነኛ!

ጤና ጣቢያው ውስጥ ግን የአእምሮ ጤና ነርሷ ሌላ ሳይንስ ነበራት። ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ አንድ እግሩ አጥሮ ካርቶን ተደግፏል። ገና «እንዴት ነዎት?» ስትለው ራዲዮ «ደህና ነኝ» አላት።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ያ ቃል አይሠራም» አለችው ፈገግ ብላ። «በሌላ ቃል ይንገሩኝ።»

ቃል ፈለገ። ሲያገኝ የሁለት ወሩን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ቁጥር ሁለትን። ነርሷ ድምፅዋን ሳትቀይር ጠየቀችው፦

«ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?»

ጣሪያው ይደረመሳል ብሎ ጠበቀ። አልተደረመሰም። «አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ምላጭ ይዤ... ከዚያ ምላጮቹን ለሚስቴ ሰጠኋት» አለ።

«በጣም ጥሩ አደረጉ። ራስዎን የጠበቁት እርስዎ ነዎት።»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«እብደት የሚባል አንድ በሽታ የለም። አንዱ በጭንቀት ልቡ ሲደልቅ ይውላል። አንዱ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። አንዱ ስሜቱ ጣሪያ ይነካና ተመልሶ ይወድቃል። አንዱ በሩን መቆለፉን ሃያ ጊዜ ካላየ አይወጣም። የየራሱ ስም፣ የየራሱ ሕክምና አለው። የእርስዎ ድባቴ ይባላል፤ ይታከማል።»

አጠገቡ የተቀመጡት መምህሩ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ማስታወሻ ይዘዋል። «መቼ ነበር መምጣት የነበረበት?»

«ሐዘኑ ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተበላሸ፣ ሥራ ካቃተ። የሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ያንኑ ዕለት፤ ሰውዬውም ብቻውን አይተውም። ምላጮቹም ከቤት ይውጡ።»

ሣጥኑ መምህሩ ቤት ገባ። መድኃኒቱ ተጀመረ፣ በየሳምንቱም ከነርሷ ጋር መነጋገር። ተአምር አልሆነም። በሦስተኛው ሳምንት ራዲዮ «ከረሜላ ነው የሰጠችኝ» ብሎ ሊተወው ነበር፤ ሚስቱ ኪኒኑንና ውኃውን ይዛ ፊቱ ቆመች፣ እስኪውጥም አልተንቀሳቀሰችም። መምህሩም በየጠዋቱ ሱቁ ጥግ ተቀምጠው የማያነቡትን ጋዜጣ ይገልጡ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ባለ ሥጋ ቤቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ራዲዮ ማሽኑን አነሣ፤ ቁጥር ሁለትን ትክ ብሎ አየውና ነቀለው።

«እንዴት ላድርግልህ?»

«እንደ ሁልጊዜው» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ ደንግጦ።

«ሁልጊዜው አልቋል። ምረጥ!»

ከጋዜጣው በስተጀርባ አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ።

ከዚያ ወዲያ ራዲዮ ስርጭቱን ቀጠለ፤ አዲስ ፕሮግራምም ጨመረ። ፎጣ ላሰረለት ሁሉ «ድባቴ ይዞኝ ነበር» ብሎ ይጀምራል። ጫማ ሰፊው ሊቀልድ ሞከረ፦ «እብድ ነው እንዴ ፀጉራችንን የሚቆርጠን?»

«ታምሜ ዝም ስል ወደኸኝ አልነበር? አሁን ስድን ቻለኝ!»

አንድ ቀን ከሰዓት፣ መምህሩም ወደ ቤታቸው ሄደው ሱቁ ጭር እንዳለ፣ የሚስቱ ወንድም ገብቶ ተቀመጠ። ራዲዮ ግማሽ ፀጉሩን እስኪቆርጥለት ድረስ ሾፌሩ አንድም አልቀለደም።

«ሁለት ሳምንት ነው ያለችው?»

«ማን?»

«ያቺ ነርስ። አንድ ጓደኛዬ ነው... መሪ ሲጨብጥ ልቡ ይደልቅበታል፣ አየር ያጥረዋል። ከወር በላይ ሆኖታል።»

ራዲዮ በመስታወቱ አየው። ፎጣው ሥር የሾፌሩ ሁለት እጆች የወንበሩን ክንድ አንቀው ይዘዋል። የሚለው ነገር ምላሱ ላይ ተሰልፏል፤ ሙሉ ፕሮግራም ነው፣ ስለ ባትሪውም ስለ ስንፍናውም መልስ አለበት። ማሽኑን አጠፋ። በርጩማ ሳበና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ስለ ጓደኛህ ንገረኝ» አለና፣ ግማሽ ፀጉሩ ብቻ የተቆረጠውን ሾፌር እያየ፣ በዚህ ጊዜ ወዶ ዝም አለ።