ከመጋረጃው ጀርባ የወጣው ቪዲዮ

ፀጉር ሠሪዋን ሠፈሩ «እሳቷ» ይላታል፤ በከንቱ አይደለም። ደንበኛ ከቀጠሮዋ አርፍዳ ብትመጣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ ልክ ልኳን ትነግራታለች። ደንበኞቿ ግን ንቅንቅ አይሉም። እጇ ወርቅ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእሷ ቤት ወሬ አይወጣም። የማን ባል ጥሎ እንደሄደ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ ይወራል፤ እዚያው ይቀራል።

ከቤቱ ጥግ አንድ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ የምትቀመጠው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የሠፈሩ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ። ፀጉሯ በሕመም ረግፏል፤ ይህን የሚያውቁት ሐኪሟና ፀጉር ሠሪዋ ናቸው። ዊጓን ልታሳጥብና ልታስተካክል ስትመጣ፣ ራሷን እንዳታየው ወንበሩ ጀርባውን ለመስታወት ይሰጣል። እንግዲህ ከሰው ሁሉ መርጣ ይህችን ሴት ያለ ዊጓ፣ የእሳቷ የገዛ ልጅ ቪዲዮ አንስታ ለቀቀቻት።

ልጅቷ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የፀጉር ቤቱን ገጽ የያዘችው እሷ ናት፤ «በፊት» እና «በኋላ» እያለች ታነሳለች፣ ዘፈን ትጨምርበታለች፣ ትለቃለች። ክፋት የለባትም። ማሰብም አልፈጠረባትም።

«ፊቷን እኮ አላሳየሁም» አለች፣ እናቷ ስታፋጥጣት። «ከኋላ ነው ያነሳሁት።»

«ሳቋስ?»

አስተማሪዋ ቪዲዮው ላይ ትስቃለች፤ ማስነጠስ የሚመስል አጭር ሳቅ። ያንን ሳቅ የማያውቅ ተማሪ የለም። የልጅቷ ክፍል በሙሉ ቪዲዮውን ሲቀባበለው ውሏል።

«አስፈቅደሻታል ወይ?»

«ዊጉ ሲደረግላት በጣም ስለምታምር ነው፣ እማ። ሰው ይያት ብዬ ነው።»

«አጥፊው። አሁኑኑ።»

«አጥፍቼዋለሁ። ግን ልጆቹ ስልካቸው ላይ አስቀርተውታል።»

እሳቷ ነደደች። «አፍ ሲያመልጥ…» ብላ ጀመረችና፣ ተረቱ ቀጥሎ ስለሚመለጥ ራስ መሆኑ ትዝ ሲላት ከንፈሯን ነከሰች። ተረት እንኳ ከዳት።

ከዚያ በኋላማ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ለተማሪዎቹ እናቶች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። አንዷ «ልጆች አይደሉ እንዴ፣ ምን ይደረግ» አለቻት። ሌላዋ እየሳቀች አይታው ኖሯል። ከአንዱ ስልክ ጠፋ ሲባል በሌላው ብቅ ይላል። ልጆቹ መልሰው የለቀቁትን እንዲያነሳ ለመተግበሪያው ድርጅት አመልክቺ ተብላ ብታመለክት «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ መጣላት። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ልታላትመው ቃጣት። አስተማሪዋ ደግሞ ስልክ አታነሳም፤ ትምህርት ቤትም አልገባችም።

ልጇን እየጎተተች አስተማሪዋ ቤት ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስትጮህባት፣ ልጅቷ ጫማዋን እያየች ተከተለቻት። አስተማሪዋ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ በሩን ከፈተች።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ። «የእርስዎን ገመና የራሴ ነገር አስመስዬ ለቀቅኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አስተማሪዋ ሻርፗን ጠበቅ አደረገች። «ነገ ክፍል እገባለሁ። የሚስቅም ይሳቅ። ስልካቸው ላይ ያለውን እንዲያጠፉት ግን ራስሽ ትለምኛቸዋለሽ፤ በጽሑፍ ሳይሆን ፊት ለፊት።»

እሳቷ እፎይ አለች። «እንዴት እንደተናደድኩ ብታዪኝ፣ እህቴ። እኔ ባውቅ ኖሮማ…»

አስተማሪዋ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። ቪዲዮው ሳይጠፋ ስክሪን ሾት አንስታው ነበር። ከሥሩ ልቦች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው የእሳቷ ነው። በዚያ ላይ ለደንበኞቿ ሁሉ አጋርታዋለች።

የእሳቷ ፊት ደም መሰለ። ገበያ ይስባል ብላ፣ ልጇ የለቀቀችውን ሁሉ ሳትከፍት ነው ልብ የምትሰጠውና የምታጋራው፤ እጇ በሻምፖ ተነክሮ እንኳ በክርኗ ትነካዋለች። «ሳላየው ነው» አለች። «በእናቴ፣ ሳላየው ነው።»

«አምንሻለሁ» አለች አስተማሪዋ።

ልጅቷ ቀና ሳትል አንሾካሾከች፦ «እኔም ከለቀቅኩት በኋላ ፈርቼ ነበር። ላጠፋው ስል ልብሽ መጣ፤ እማ ፈቅዳለች ብዬ ተውኩት።»

አስተማሪዋ ስልኳን ከእሳቷ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

«የቅዳሜውን ቀጠሮዬን ለሌላ ሰው ስጪው» አለቻትና በሩን ዘጋችው።