ኮርማው ኬላ ላይ የቆመ ዕለት

እርጥብ ጨርቅ የጋለ ሞተር ላይ ሲያርፍ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቂዋለሽ? ጭስስ ይላል። ከዚያ እንፋሎትና ቤንዚን የተቀላቀለበት ሽታ ይመጣል። ትናንት የጎረቤቴ ልጅ ባጃጁን ደጃፌ አቁሞ እንዲያ ሲያደርግ፣ እኔ አሮጊቷ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። ማንም አላየኝም። ግን አፈርኩ፤ ወላሂ፣ ዛሬም ድረስ አፍራለሁ።

በደርግ ጊዜ አባቴ አንድ ግዙፍ የአሜሪካ መኪና ነበረው። ደሴ ይኖር የነበረ ሀብታም አገር ጥሎ ሲሄድ የሸጠለት ነው። ስምንት ሲሊንደር፣ አፍንጫው ረጅም፣ ሲነሳ የከሚሴን ውሻ ሁሉ የሚያስጮህ። የከተማው ሰው «ኮርማው» ነበር የሚለው። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን እሱ እንደ ግመል ይጠጣ ነበር። የግራ በሩ በገመድ ይታሰራል፤ አለዚያ መታጠፊያ ላይ ብርግድ ይላል። ቁልፉን ነቅለሽበትም ወዲያው አይጠፋም፣ እያሳለ ይቆያል። ክፉ አመሉ ግን ሙቀት ላይ ነው። በጨፋ ፀሐይ ግሎ አንዴ ከጠፋ በጅ አይልም። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይፈላና የሚስበው ፖምፓ መሳብ ያቅተዋል። ያኔ አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ «ነይ ልጄ፣ አርጥቢልኝ» ይለኛል። እኔም ጨርቅ በውሃ ነክሬ ፖምፓው ላይ እጠመጥማለሁ። ወንድ ልጅ አልነበረውማ። ባቲ ገበያም ሰንበቴ ገበያም ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ያንን ጊዜ እንዴት እንደምወደው አትጠይቂኝ።

ለሰንበቴ ሰው ስታጭ፣ የሙሽራው ወገኖች «መኪና ይዘን እንመጣለን» አሉ። አባቴ እምቢ አለ። «ልጄ በሰው መኪና አትሄድም። በኮርማው ነው የምትገባው» ብሎ ማለ። ለዚያች ቀን ኩፖን ሲያጠራቅም ከረመ። የጭስ መውጫውን ማርሚታ አስበየደ፣ አዲስ ቀለም ቀባው፣ መስተዋቱ ላይ አበባ አሰረ። በእኛ አገር የሙሽሪት አባት አብሮ አይሄድም፤ ሙሽራውም ቤቱ ሆኖ ነው የሚጠብቅ። ስለዚህ ቁልፉን ለሚዜው ሰጠና «ደጃፋቸው እስክትደርስ እንዳታጠፋው፣ አደራህን!» አለው። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎም በጆሮዬ፣ «አማትሽ ቤት እስክትገቢ ቃል እንዳይወጣሽ» አለኝ። ሙሽራ በወንዱ ወገን ፊት አፍ ከከፈተች ነውር ነው። የወላጅ ነውር ነው።

እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ ወጣን። ሰንበቴ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ኬላ አለ። ወታደሩ ጠመንጃውን ወደረና «ሞተር አጥፋ!» አለ። ሚዜው ምን ያድርግ? አጠፋው። ሣጥኔን ሳይቀር በርብረው «እለፉ» ሲሉን ቁልፉ ዞረ፤ ማስነሻው ሞተሪኖ አጓራ፣ ኮርማው ግን ምንም። ደግመው ሞከሩ፣ ምንም። ዘፈኑ ጸጥ አለ። ወንዶቹ በሙሉ ልብሳቸው ሲገፉ ላብ አጠመቃቸው። ያን ብረት ማን ይገፋዋል!

ለዚያውም የገበያ ቀን። ከብት የሚነዳው፣ ግመል የሚስበው ሁሉ እየቆመ ያየናል። አንዱ «ማል ታኤ?» ብሎ በኦሮምኛ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሌላው «ሙሽሪት ናት፣ መኪናዋ ሞታባት!» አለና መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እላለሁ።

ይሄኔ የሙሽራው አጎት ጀመረ። «መግሪብ ሊደርስ ነው! ቤት ሙሉ ሰው ቆሞ ይጠብቀናል። እኛ እናምጣ አላልንም? ያ ጉረኛ ሽማግሌ በቁራጭ ብረት ሊኮራብን!»

ሚዜው ሳቀ። «ሰውየውም መኪናውም ያረጁ፤ የቀራቸው ጩኸት ነው» አለ።

ጆሮዬ ነደደ። የሚሉት አባቴን ነው። መድኃኒቱ አንድ እርጥብ ጨርቅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ አፌ ግን ታስሯል። ቻልኩት። አጎትየው መልሶ «ጉረኛ!» ብሎ ጎማውን በእግሩ ሲመታው ግን አልቻልኩም።

«ፖምፓው ነው» አልኩ።

«ምን አለች?»

«የቤንዚኑ ፖምፓ። አርጥቡት፣ ይነሳል።»

እርስ በርስ ተያዩ። ፖምፓው የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ወረድኩ። ነጠላዬን ገፍፌ ወንዶቹ ለሶላት የያዙትን የውዱእ ውሃ አፈሰስኩበትና ኮፈን ስር ገብቼ ጠመጠምኩት። ጭስስ አለ። ትንሽ ካቆየሁት በኋላ «አሁን» አልኩ። ኮርማው አገሳ። እልል ያለ ሰው ግን አልነበረም።

አማቴ ደጃፍ ስደርስ ፊቴ የተገለጠ፣ እጄ የጠቆረ ነበርኩ። የሴቶቹ እልልታ ጀምሮ ተቋረጠ። አማቴ እጄን አዩና «ውሃ አምጡላት» አሉ። ተመልሰውም ገቡ።

ወሬ ክንፍ አለው፤ ከእኔ ቀድሞ ከሚሴ ገባ። ለመልስ ስሄድ ስሜ «መካኒኳ ሙሽራ» ሆኗል። አባቴ ጓሮ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ጉልበቱን ሳምኩ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም።

«ነግሬሽ አልነበር? ለምን ተናገርሽ ልጄ?»

ምን ልበለው? ያን ሁሉ ወር ቀለም ሲቀባ ለከረመ ሰው «ጉረኛ ሽማግሌ አሉህ፣ መንገድ ላይ ሳቁብህ» ልበለው?

«አፌ አምልጦኝ ነው፣ አባባ።»

«አይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሴት ልጅን ሞተር ስር ያሳደግኩ እኔ ነኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ኮርማውን ሸጠው። ታናሽ እህቴ ገበያ አብራው ልትሄድ ብታለቅስ ብታለቅስ፣ አንድ ቀን እንኳ አስከትሏት አልወጣም። ደጅ ቆማ እሱን በዓይኗ ስትሸኝ አይቻታለሁ፤ ይሄም በእኔ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሲታመምም ያስታመምኩት እኔ ነበርኩ፣ ለምን እንደተናገርኩ ልነግረው የምችልበት ሌሊትም ቀንም ሞልቶ ነበር። አልነገርኩትም። ሰው መሳቂያ እንዳደረገው ከሚያውቅ፣ በእኔ እንዳፈረ ይሂድ ብዬ ነው።