የፍሬን ዘይት

አቶ ሕዝቅያስ በቢሯቸው በረንዳ ቆመው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሰሌዳ ጮክ ብለው የማንበብ ልማድ ነበራቸው። ቢሮዋ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ፣ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሰሌዳውን ብቻ ቢያነቡ ደግ ነበር፤ «ያቺ ላዳ አንድ ካንዴላዋ ሞቷል፤ የዚያ ዲኤክስ ባለቤት ደግሞ ዘይት መቀየር ረስቷል» እያሉ የመንገዱን ሕመምተኛ ሁሉ ይቆጥራሉ። ልጃቸው ፌቨን ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሆና «አባዬ፣ አንተ እኮ ትራፊክ ፖሊስ መሆን ነበረብህ» ትላቸዋለች። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ነገር ግን እየበረረ የሚያልፍ የባጃጅ ሰሌዳ እንኳ አያመልጣቸውም። ይህን ልብ በሉልኝ።

«መሪ» የምትባለው የመኪና መጽሔት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የጀመሯት እሳቸው ናቸው፤ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪነታቸውን ትተው፣ የሟች ሚስታቸውን የስፌት ጠረጴዛ ለቢሮ ወስደው። አንባቢዎቿ ሀብታሞች አይደሉም። የአባታቸውን ቮልስ ሳይሸጡ ያቆዩ፣ ላዳቸውን በየቅዳሜው ሐይቅ ዳር ወስደው እንደ ልጅ የሚያጥቡ፣ መኪናቸው ሲታመም ከራሳቸው በላይ የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። ከሁሉም የሚወዱት የመጨረሻዋን ገጽ ነበር። «መምህርን ጠይቁ» ትባላለች፤ አንባቢ ይጠይቃል፣ አቶ ሕዝቅያስ ይመልሳሉ። ጋራዥ ውስጥ ክርክር ሲነሣ «መሪ ምን አለች?» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ፌቨን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመጽሔቷን ገጾች ስታቀናብር ኖራለች። አባቷ በየዓመቱ «የዛሬ ዓመት መሪውን አስጨብጥሻለሁ» ይሏታል፤ ዓመቱ ይመጣል፣ መሪው አይመጣም። መጽሔቷን ትፈልጋት ነበር፤ ይህን ለመደበቅም አልሞከረችም። በሠላሳ ሰባት ዓመቷ ሰው «የመምህር ልጅ» ብሎ ሲጠራት ይከነክናት ነበር።

አሠራራቸው የቆየ ነው። እሷ ገጹን አቀናብራ በወረቀት ታወጣለች፤ አባቷ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ፤ እሷ እርማቱን ኮምፒውተሩ ላይ ታስገባና ከወረቀቱ ግርጌ በሰማያዊ «ታርሟል» ብላ ትፈርማለች። ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። የሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ሁሉ በወር በወሩ ተደርድሮ እዚያ አለ።

በታኅሣሡ እትም አቶ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ጡረተኛ ጠየቁ። ነጭ ቮልስ አላቸው፤ እንደ እነአቶ ሕዝቅያስ ጴንጤ ናቸው፣ በአንድ ጸሎት ቤት ያመልካሉ። «የፍሬኔ ፔዳል ስረግጠው ይሰምጣል፤ ምን ላድርግ?» ነበር ጥያቄያቸው። መምህር መለሱ፤ ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከትርፍ ጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ዕቃ ይክፈቱ፣ ጎድሎ ከሆነ እስከ ምልክቱ የፍሬን ዘይት ይጨምሩ፣ ከዚያም መካኒክ ያሳዩ። ፌቨን ገጹን ስታቀናብር መልሱ በአንዲት ቃል ምክንያት ወደ ሌላ መስመር ፈሰሰባት። አየችው። ጥያቄው ስለ ፍሬን፣ ዕቃዋም የፍሬን፤ ዘይቱ ታዲያ የምን ሊሆን ነው? «የፍሬን» የምትለዋን ቃል ሰረዘቻት። መስመሩ ልክ ገባ፣ ገጹም አማረ።

አቶ ወልደአማኑኤል የተጻፈ ነገር የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። «መሪ» ዘይት ይጨምሩ አለች፤ ቤታቸው የሞተር ዘይት ነበር፤ እሱን ጨመሩ። ፔዳሉ ለጊዜው ደህና ሆነላቸውና መካኒኩን ለነገ እያሉ አቆዩት። በሦስተኛው ሳምንት ከይርጋለም ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ አለ፤ ከፊታቸው የጭነት መኪና ነበር።

መኪናዋን የፈታት ሱሌይማን ነው፤ ከአቶ ሕዝቅያስ ጋር ሃያ ዓመት የሚተዋወቅ መካኒክ። ጠራቸውና የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግተውን ላስቲክ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው። «መምህር፣ የሞተር ዘይት ነው የገባበት። ጎሚኒውን እንደ ዘፈዘፉት ባቄላ አሳብጦታል» አላቸው። እሳቸው በቀጥታ ወደ ቢሮ ተመለሱ።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ የሟች ሚስት ወይዘሮ አለምነሽ ጥቁር ለብሰው ቢሮ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። ከቦርሳቸው የታኅሣሡን እትም አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የመጨረሻዋ ገጽ ታጥፋለች፤ በዘይት የተነከረ የአውራ ጣት ምልክት አለባት።

«እሱ የተጻፈውን ነው ያደረገው» አሉ። «ሌላ ምንም አላደረገም። ይሄን ለመናገር ነው የመጣሁት።»

አቶ ሕዝቅያስ ተነሥተው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ፌቨን ቀደመቻቸው። ከፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«እትዬ አለምነሽ፣ የአባዬ ዓይን ደክሟል» አለች። «አርጅቷል። ሲያርም ሳያየው አለፈው። ቶሎ ልተካው ሲገባኝ ዝም ማለቴ ነው ጥፋቴ።»

አባቷ ዞረው አዩአት። ረጅም አስተያየት ነበር፤ ፌቨን ጠረጴዛውን ማየት ያዘች። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ተመለሱ።

«እውነቷን ነው፣ እህት አለምነሽ። ዓይኔ ደክሟል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወይዘሮ አለምነሽ አለቀሱ። ሲረጋጉ፣ «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እርጅና የማንም ጥፋት አይደለም» አሉ። «ብቻ ይጻፉት። ሌላ ሰው እንዳይጨምርበት።»

እሳቸው እንደወጡ አቶ ሕዝቅያስ ኮፍያቸውን አድርገው ወረዱ። ፌቨን በሩን ዘግታ ካርቶኑን ፈተሸች። የኅዳሩ ወረቀት አለ፣ የጥር ወሩም አለ፤ የታኅሣሡ የለም። ሁለት ጊዜ አገላበጠችው። ባለማግኘቷ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ራሷን ቀፈፋት። ለራሷ ግን ነገሩን አስተካክላ ነገረችው። ቃሏን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ማረም ግን የእሱ ሥራ ነበር፤ ካላየው ዓይኑ ደክሟል ማለት ነው። የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ዓይኑ ደከመ ቢባል ማን ይከራከራል?

የየካቲቱ እትም ወጣ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሥራ መሰናበቻ ሊሆን የሚገባው ገጽ እርማት ሆኖ፣ በአቶ ሕዝቅያስ ፎቶና ፊርማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከማተሚያ ቤት የወጣውማ ማን ይመልሰዋል። የሀዋሳ ጋራዥ ሁሉ አነበበው። ሱሌይማን ብቻ እንደ ድሮው ሰላም ይላቸው ነበር። ሌሎቹ ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ አንዱ ቀልደኛ ከወዲያ ጠረጴዛ «መምህር፣ ማኪያቶዬ ላይ ዘይት ልጨምርበት?» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። አቶ ሕዝቅያስ ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ፤ ካፌው ውስጥም ዳግም አልታዩም።

በረንዳው ላይም ሰሌዳ ማንበባቸው ቀረ። ፌቨን ጋዜጣ ስታቀብላቸው «አንብቢልኝ» ይሏታል። መንገድ ሲሻገሩ ክንዷን ይይዛሉ። በመጀመሪያ ያኮረፉ መስሏት ነበር፤ በኋላ ግን በእርግጥ ዓይናቸው ሳይደክም አልቀረም ብላ አመነች። ይህን ካመነች ወዲህ እንቅልፏ ተመለሰ።

በመጋቢት መጽሔቷን በስሟ ሊያዞሩላት መሃል ከተማ ወዳለ ጽሕፈት ቤት አብረው ሄዱ። ሠራተኛዋ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቷ እያሳየች «እዚህ ጋ ነው፣ አባቴ» አለቻቸው። ጣቷን ተከትለው ፈረሙ። ፌቨን አሥራ አራት ዓመት የጠበቀችው ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ቢሮ ሲመለሱ አቶ ሕዝቅያስ የመሳቢያቸውን ቁልፍ ሰጧት፤ ከቁልፉ ጋር አንድ ፖስታ። ከፈተችው። የታኅሣሡ የእርማት ወረቀት ነበር። በመጨረሻዋ ገጽ፣ «ዘይት» ከምትለዋ ቃል በፊት ቀይ ቀስት ተሠርቶ «የፍሬን» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ፣ ሁለት ጊዜ የተሠመረበት፣ «ይህ ቃል አይነካ።» ከግርጌው በሰማያዊ «ታርሟል»። ፊርማው የራሷ ነው።

ያን ቀን ትዝ አላት። ማተሚያ ቤቱ እየደጋገመ ይደውል ነበር፤ የቀሩትን ወረቀቶች በቅጡ ሳታይ በተርታ ፈርማ ነበር የላከችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝከው?»

«ሱሌይማን ጎሚኒውን ካሳየኝ ቀን።»

«እና እትዬ አለምነሽ ሲመጡ ለምን አልተናገርክም?»

«ልናገር አፌን ስከፍት ቀደምሽኝ» አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም። «‹እኔና ልጄ አጥፍተናል› ልል ነበር።»

ፌቨን አለቀሰች። «አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ሴትዮዋ የአንድ ሽማግሌ ዓይን ይቅር ብላ ትንሽ አርፋለች። አሁን ሄደሽ ብትነግሪያት የሚቀለው ለእሷ ነው ለአንቺ?»

ፌቨን ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሰችው። «ታዲያ ለምን አላቃጠልከውም?» አለቻቸው።

«መጽሔቷን አይደል የሰጠሁሽ? ይሄም የመጽሔቷ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ክተቺው፤ ቦታው ኅዳርና ጥር መሃል ነው።»

ከተተችው። አባቷ ስለከለከሏት ውስጧ ቀለል አለው፤ ሰው ሲባል እንዲህ ነው። እሳቸው ግን ወደ በረንዳው ወጥተው መንገዱን ያዩ ነበር። ከታች የሚያልፍ ነጭ ቮልስ ሲያዩ ከንፈራቸው ሰሌዳውን ያለ ድምፅ ሲያነብ አየችው፤ ሁሉንም ቁጥር፣ አንድ ሳያስቀሩ። ያኔ ገባት። ዓይናቸው አልደከመም። በሰው ፊት የተናገረችው ቃል ሐሰት እንዳይሆንባት ነው ሁለት ወር ሙሉ ክንዷን ይዘው የሄዱት።

እሑድ ጸሎት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ወይዘሮ አለምነሽ ከኋላ መጡና አቶ ሕዝቅያስ አጠገብ ተቀመጡ። ከቦርሳቸው የመነጽር ቤት አወጡ።

«የወልደአማኑኤል ነው» አሉ። «እሱን ጥሩ አድርጎ ያሳየው ነበር። ቤት ተቀምጦ ከሚያየኝ፣ ለእርስዎ ዓይን ቢስማማ ብዬ ነው።»

አቶ ሕዝቅያስ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። መነጽሩን አደረጉት። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው በእንዲህ ያለ መስታወት ሲያይ ሁሉም ነገር ይደፈርስበታል።

«ያሳይዎታል?» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ።

«በደንብ ነው የማየው፣ እህቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

መጋቢው ምዕራፉን ጠራ። አቶ ሕዝቅያስ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጡ፤ ጣታቸው ገጹ ላይ እየተንከራተተ ቁጥሩን ማግኘት አልቻለም። ፌቨን ጎንበስ ብላ አገኘችላቸውና በጆሯቸው ታነብላቸው ጀመር። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጇን ጨበጥ አድርገው አስቀጠሏት። ወይዘሮ አለምነሽም ከወዲያ በኩል አብረው ይሰሙ ነበር።

ሲወጡ ደረጃው አልታያቸውምና ተሰናከሉ። ፌቨን አንዱን ክንዳቸውን፣ ወይዘሮ አለምነሽ ሌላውን ያዙና ሦስቱም ወደ አስፋልቱ ወረዱ። አቶ ሕዝቅያስ እስከ ቤታቸው ድረስ መነጽሩን አላወለቁም።