ለፊልሙ የታጨችው ጎረቤቴ

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር በነበረው ግቢያችን፣ ማንጎው ሥር የተቀመጥነው እነዚህ ነን፦ በየእሑዱ መጽሐፍ የሚያነብልን መምህር፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ባለቤቴ፤ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቶቻችን፣ የክሊኒኩ ድሬሰርና ሚስቱ፤ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ፣ ሸምገል ያሉ አኙዋክ፤ እኔና ሁለቱ ልጆቼ። ትልቁ ወደ ወንዙ እንዳይሄድብኝ የነጠላዬን ጫፍ አስይዤዋለሁ፤ ትንሿ ጭኔ ላይ ተኝታለች።

ከሁለት ቀን በፊት ስለ ወባ ፊልም የሚያሳየው መኪና መጥቶ ነበር። ሹፌሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ መምህሩ የሚያነብልንን መጽሐፍ ፊልም ሊያደርጉት የተነሡ ሰዎች እንዳሉ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱም የሰው ፎቶግራፍ እንደሚቀበሉ ነግሮን፣ አድራሻውን ለመምህሩ ጽፎለት ሄደ። መጽሐፉ የድሮ ነው፤ ባሏ ለንግድ ወጥቶ የቀረባት ሴት ታሪክ። ሰባት ዓመት ሙሉ የወንዙ መሻገሪያ ላይ እየቆመች ትጠብቀዋለች። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያን መጽሐፍ ግን ሲነበብ ከሰማሁት ሌላ፣ ለብቻዬ ፊደል እየለቀምኩ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ልብስ ሳጥብ የሴትዮዋን ንግግር በቃሌ እለው ነበር።

መምህሩ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና፣ “እስቲ፣ ማን ማንን ይሁን?” አለ።

ነጋዴው ባለቤቴ ይሁን ተባለ። “ወጥቶ መቅረትማ ያውቅበታል፤ ጠጅ ቤት የገባ ቀን እናየው የለ” አለ ድሬሰሩ። መጽሐፉ ውስጥ ሰው በታንኳ የሚያሻግረውን አስተርጓሚው ሆኑ።

“እኔ ዋና ጥሩ አውቃለሁ” አሉ። “እናንተ ደገኞች ግን ትሰምጣላችሁ። ፊልሙ ቶሎ ያልቃል።”

ሚስትየዋ ጋ ሲደረስ አንገቴን አቀናሁ። ባለቤቴ ቀና እንኳ ሳይል፣ “እሷማ ምን ያጠያይቃል፣ ጎረቤታችን ናት” አለ።

“እኔ?” አለች የድሬሰሩ ሚስት፣ አፏን በእጇ ይዛ እየሳቀች።

“አንገትሽ፣ አቋቋምሽ፣ ሁሉም ልክ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለው ነው” አለ መምህሩ።

“እኔስ ምን ልሁን?” አልኩ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ።

“አንቺማ ያቺ በሁሉ ነገር የምትሰጋው አማትየዋ ነሽ” አለ ድሬሰሩ። “‘ልጁ ወደቀ፣ ውኃው ወሰደው፣ አዞው መጣ’ እያለ የሚውል ከአንቺ ሌላ ማን አለ?”

“አማት ከሌለ ታሪክ የለም” አሉ አስተርጓሚው፣ ሊያጽናኑኝ።

እሷን የምበልጣት በአንድ ዓመት ነው። በአንድ ዓመት እትዬ ትለኝ ነበር። ያቃጠለኝ ግን ይህ አልነበረም፤ ባለቤቴ ቀና አለማለቱ ነው። አይቶ የመረጠ ሰው አሁን አየ ይባላል። ሳያይ የመረጠ ግን ቀድሞ አይቶ ጨርሷል።

ከዚያ ወዲህ ሳቋ በግድግዳው አልፎ ሲመጣ ጥርሴን እነክሳለሁ። ውኃ ተሸክማ ስትመለስ አንገቷን አያለሁ፤ ወዲያው ባለቤቴ ወዴት እንደሚያይ አያለሁ። ትንሿ ልጄ አተኩሷት እኔ እቅፍ ውስጥ ስታለቅስ አምሽታ፣ እሷ ስትቀበለኝ ጸጥ አለች። በዚያም ቀናሁ።

“እናቴን ካየኋት ስድስት ዓመቴ ነው፣ እትዬ” አለችኝ ልጄን እያወዛወዘች። “ከጠሩኝ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የምሄደው። የማርፈውም እናቴ ዘንድ ነው።”

ያላት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር፤ ጅማ ሳለች የተነሣችው። መምህሩ ደብዳቤውን ጻፈላትና ፎቶውን ጨምሮ አሸገው። ፖስታ የሚወስደው አውሮፕላን እስኪመጣ እኔ ጋ ተቀመጠ። ጋምቤላ ምስጥ ወረቀት አይምርም። የእኔ ሣጥን ግን እግሮቹ ጋዝ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ስለቆሙ፣ የግቢው ወረቀት ሁሉ፣ የጋብቻው ውል፣ የመምህሩ የምስክር ወረቀት፣ እኔ ዘንድ ነበር።

አውሮፕላኑ በሚመጣበት ቀን ወባ ጣላት።

“አንቺ አድርሺልኝ። እንደ አንቺ ጠንቃቃ የለም” አለችኝ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች።

ልጄን አዝዬ፣ ፖስታውን ነጠላዬ ሥር ይዤ አውሮፕላኑ ወደሚያርፍበት ሜዳ ሄድኩ። ደብዳቤ የሚሰበስበው ሰውዬ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

“የሚላክ አለዎት፣ እሜቴ?”

“የለኝም” አልኩ።

በሚቀጥለው እሰጣለሁ ብዬ ነበር። እሷን ግን “ሰጥቼልሻለሁ” አልኳት። “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ እጄን ይዛ ቆየች፤ እጇ ይፋጅ ነበር።

ሰው ወረቀቱን ሲጠይቀኝ ሣጥኑን የምከፍተው እዚያው እፊቱ ስለሆነ፣ ፖስታውን እዚያ ልመልሰው አልቻልኩም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰሌን ጀርባ ሸጎጥኩት። በየአውሮፕላኑ ቀን እሷ ሜዳው ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። “ዛሬም የለም፣ እትዬ” ስትለኝ፣ ከንፈሬን እየመጠጥኩ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ሜዳው ጭቃ ሆኖ አውሮፕላን ማረፍ ተወ። እኔም እሰይ አልኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ድሬሰሩ ወደ ጎሬ ተዛወረ። ወረቀቶቿን ልትወስድ መጣችና ደጃፉ ላይ ቆመች። ዛሬስ ልስጣት፣ ረሳሁት ልበላት ብዬ ገብቼ ሰሌኑን ገለጥኩ። ምስጡ ከመሬት እስከ ወገቤ ጭቃ ጎትቶ ነበር። ከደብዳቤው ምንም አልቀረም፤ ከፎቶው የተረፈው አንድ ትከሻና የቀሚሷ ጥለት ነው። ሰሌኑን መለስኩና የጋብቻ ውሏን ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠኋት። አንድ ጥግ እንኳ አልተነካም።

“ወረቀት መያዝስ እንደ አንቺ” አለችኝ። ከዚያ ልጆቼን ሳመች። “መልሱ ከመጣ አደራ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ።”

“ይቀመጣል” አልኩ።

ባለቤቴ ዕቃ ሊያስጭን ከእነሱ ጋር ወጣ። እኔ ከደጃፉ አልወጣሁም፤ ወጥቼ የማየው እሱን እንደሚሆን አውቄዋለሁ። ትንሿ ልጄ እስኪመሽ እሷን ፍለጋ አለቀሰች።

ፊልሙ ይሠራ አይሠራ አልሰማሁም። እነሱም ከጎሬ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ያን ጊዜ ጋምቤላ ክሊኒክ ይሠራ የነበረ የድሬሰር ሚስት ናት፤ አንገቷ ረዘም ያለ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትይዝ፣ እናቷ አዲስ አበባ የነበሩ። የት እንዳለች፣ እናቷንም በሕይወት ደርሳባቸው እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።