የኤሳዊራው ጽሞናዬ

ማራኬሽ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ቆሜ ሜልበርን ላለው የጸሎት ቡድናችን የላክኩት መልእክት ይህ ነበር፤ «ወገኖች፣ ስብሰባዬ በሰላም አልቋል፣ ጌታ ይመስገን። አሁን ለአራት ቀን ጽሞና ስለምይዝ ስልኬ ዝግ ይሆናል። በጸሎታችሁ አስቡኝ።» ከዚያ ስልኬን አጠፋሁና ወደ ባሕሩ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ተጉዤ ኤሳዊራ የምትባል ጥንታዊ የሞሮኮ የወደብ ከተማ እገባለሁ፣ ዐሣ እበላለሁ፣ እስኪወጣልኝ እተኛለሁ። በልቤ የነበረው ይህ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ሰው ቃሉን ላፍታታው። እኛ ጴንጤዎች ዘንድ ጽሞና ማለት ከሰው ተለይቶ ከእግዚአብሔር ጋር መሆን ነው። ጽሞና ላይ ነኝ ላለ ሰው አይደወልም፣ ለምን ጠፋህ አይባልም፣ የቸገረ ነገር እንኳ ቢመጣ ሌላ ሰው ይፈለጋል። ዕረፍት ላይ ነኝ ላለ ሰው ግን «ይቅርታ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ» እየተባለ ይደወላል። እኔ ለዘጠኝ ዓመት የዚያች የአንድ ደቂቃ ሰው ነበርኩ። የዌልፌር ፎርም የምሞላው፣ የመብራት ቢል አንብቤ የማስረዳው፣ ሐኪም ቤት አብሬ ገብቼ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሙያዬ የውኃ መስመር ምሕንድስና ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ቀን ስብሰባ ማራኬሽ ሲልከኝ በራሴ ፈቃድ አራት ቀን ጨመርኩበት። እውነቱን ለመናገር ሰው ሰልችቶኝ ነበር።

ደግሞ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጾምኩ አላልኩ፣ ተራራ ወጣሁ አላልኩ። ቃሉን ለብቻው ከያዝነው ጽሞና ማለት ጸጥታ ነው፣ እኔም ጸጥታ ፍለጋ ነው የሄድኩት። ለራሴ ጥብቅና ስቆም ማንም አይረታኝም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚደውሉልኝ እትዬ ነበሩ። ተማሪ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት አከራዬ ቤቱን ልሸጠው ነው ብሎ ሲያስወጣኝ፣ ከነሻንጣዬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተው ወደ ቤታቸው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ፊትዝሮይ በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ አሥራ አንድ ወር አኖሩኝ። ሥራ ይዤ ሜድስቶን ቤት ከተከራየሁ በኋላም ልጅነቴ አልቀረም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከከተማው ዳር ሆፐርስ ክሮሲንግ የምትኖረው ልጃቸው እኔ ጋ ካልገባሽ እያለች በየጊዜው ትጨቀጭቃቸዋለች፤ እሳቸው ግን «እዚያ ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ያለው ሰው ይለመናል» ይላሉ። እታች ባለው የነዋሪዎች አትክልት ቦታ ጎመን አላቸው፣ ከአንዲት ቬትናማዊት አሮጊት ጋር በምልክት እየተጨቃጨቁ የሚያጠጡት። ያንን ትቶ መሄድ ለእሳቸው ሞት ነው።

ስኳር አለባቸው። ኪኒናቸውን በባዶ ሆድ እንዳይውጡ፣ ሐኪም ሳያማክሩም እንዳይጾሙ ሐኪሙ ሲነግራቸው ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። ያኔ «እሺ በይው» አሉኝ፣ እኔም እሺ አልኩት።

ኤሳዊራ ነፋስ የማያጣት ከተማ ነች። ከአውቶቡስ ስወርድ ሻርፔን ከራሴ ላይ ገፎ ወሰደውና አንድ ጋሪ ገፊ ሮጦ አመጣልኝ። በባሕሩ በኩል ወፍራም የድንጋይ ግንብ አለ፣ ግንቡ ላይ አሮጌ መድፎች አፋቸውን ወደ ውኃው አድርገው ተደርድረዋል። ከግንቡ ውስጥ ያሉት ቤቶች ነጭ ናቸው፣ በርና መስኮታቸው ሰማያዊ። ከማራኬሽ ጠማማ መንገዶች በኋላ የዚህች ከተማ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ደስ አሰኙኝ፤ ከመሠራቷ በፊት በወረቀት ላይ የተነደፈች ከተማ እንደሆነች ያስታውቃል። ሌላው ቱሪስት በሮቹን ፎቶ ሲያነሳ እኔ የዝናቡ ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ እያጎነበስኩ አያለሁ።

ምንም አልሠራሁም። ጠዋት ረፍዶ እነሣለሁ፣ ግንቡ ሥር ካለች ሻይ ቤት ናዕናዕ ያለበት ሻይ እጠጣለሁ። ሣጥን የሚሠሩ ጠራቢዎች ሱቅ ደጃፍ ቆሜ የእንጨቱን ሽታ እስበዋለሁ። ድመቶቹ ወንበሬን ይጋሩኛል። ቀትር ላይ ወደ ወደቡ እወርድና ሰማያዊ ጀልባዎቹ አጠገብ፣ ካፈሰሱት ሰርዲን መርጬ አስመዝኜ አስጠብሳለሁ። ዐሣ ጠባሹ ከየት ነሽ ሲለኝ አውስትራሊያ አልኩት። አይ፣ መጀመሪያ ከየት ነሽ አለ። ኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ፣ የሐበሻ ሰው እንግዳ ማኖር ያውቅበታል ብሎ ሁለት ዐሣ መረቀልኝ። እንግዳ ሲያኖሩ የማውቃቸው ሴት በዚያች ቅጽበት ትዝ አላሉኝም። ምግቡን ከመጀመሬ በፊት ግን ዐይኔን ጨፍኜ ጌታ ሆይ ባርከው አልኩ። በአራቱ ቀን ከጸለይኩት ጸሎት የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅም። በተለይ ሦስተኛው ቀን። የባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ጫማዬን አውልቄ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ፣ ማንም ስሜን አልጠራም። አሁን የሚያቃጥለኝ ያ ቀን ነው።

ሜልበርን አውሮፕላን ማረፊያ ገብቼ ስልኬን ስከፍት አንድም ያመለጠ ጥሪ አልነበረም፤ ከእትዬ ልጅ የመጣ አንድ መልእክት ብቻ ነበር። «ማሚን ሆስፒታል አድሚት አድርገዋታል። ጽሞናዋን እንዳታቋርጡባት ብላ ስላስማለችኝ ነው ያልደወልኩት። ስትገቢ ነይ።» ሻንጣዬን እንደያዝኩ በታክሲ ሄድኩ።

እትዬ ኩሽናቸው ውስጥ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ሕክምናው አልቋል። ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው እንደወደቁ ልጃቸው በረንዳው ላይ ነገረችኝ፤ ከዚያ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሄደች። ገብቼ ጉልበታቸውን ስስም እጄን ይዘው ወደ ላይ ወደ ታች አዩኝ።

«ከሳሽ ልጄ» አሉኝ።

አንድ ኪሎ ሳልጨምር አልቀረሁም። ማንም እንዳይሰማ ጎትተው አስጠጉኝና «አብሬሽ ነበርኩ እኮ» አሉኝ። አልገባኝም። «በሰው አገር ብቻዋን አትጾምም ብዬ አብሬሽ ያዝኩት። እስከ ማታ፣ ውኃ ብቻ። ኪኒኑንማ በሰዓቱ ውጫለሁ። ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ ትቆጣለች፤ ጾም ደግሞ ካወሩት ዋጋው ይሄዳል።»

በቤተ ክርስቲያናችን ጽሞና የሚይዝ ሰው ይጾማል። ይህን እኔም አውቀው ነበር፤ ጥብቅና ስቆም የዘለልኩት አንቀጽ እሱ ነው። እሳቸው በባዶ ሆዳቸው ስለ እኔ ተንበርክከው እኔ ሰርዲን አስመዝናለሁ። የወደቁት በሦስተኛው ቀን ነው። የዚያን ጊዜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አፌን ከፍቼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ፣ አፈርኩ፣ መልሼ ዘጋሁት።

ወዲያው አንዲት ወጣት ሐኪም ገባች። አስተርጓሚ እስኪመጣ እኔን ብትጠይቀኝ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቀችና፣ ሦስት ቀን በተከታታይ እስከ ማታ ምግብ ሳይበሉ የዋሉት ለምን እንደሆነ ልታውቅ ፈለገች። እትዬ ጠቀሱኝ። «ረስቼ ነው በያት።»

ረስተው ነው ይላሉ አልኳት። ሐኪሟ ጻፈችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ እንደዚያ ሆነ።

ከስምንት ቀን በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሐኪሟ፣ የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ልጃቸውና እኔ አልጋቸውን ከበን ተቀመጥን። እትዬ እኔን እያሳዩ «እሷ እያለች ሌላ አስተርጓሚ አልፈልግም» ብለው ነበር። ማኅበራዊ ሠራተኛው ለስለስ አድርጎ ነገሩን አመጣው። መብላት የሚረሳ፣ ኪኒን መዋጥ ግን የማይረሳ ሰው ብቻውን ቢኖር አደጋ ነው፤ የማስታወስ ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ እስከዚያው ግን ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ልጃቸው ቤት ቢሄዱ፣ የፊትዝሮዩን ቤትም ለመንግሥት ለመመለስ ቢያስቡበት ይሻላል። ልጃቸው ራሷን ነቀነቀች፣ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። እኔ እያንዳንዷን ቃል ወደ አማርኛ መለስኩ።

እትዬ ቤቱ ሲነሣ ፊታቸው ተለወጠ። «አእምሮዬ ደህና ነው በያቸው» አሉ። አልኳቸው። ሐኪሟ በትሕትና ፈገግ አለች፣ ለልጅ እንደሚባል ዓይነት እሺ አለች። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። የጾሙን ነገር ራሳቸው ሊያወጡት እንደማይችሉ ገባኝ፤ ካወጡት ልጃቸው ማን አስጾመሽ ትላለች፣ የእኔ ስም ይነሣል። እኔን ላለማስወቀስ ብለው ቤታቸውን ሊሰጡ ነው።

በአንድ ዐረፍተ ነገር ቤታቸው ይተርፍ ነበር። ግማሹን እውነት ብቻ ልናገር ብዬ አሰብኩ፤ ጾመው ነው፣ አብረን ነው የጾምነው ብል ሁሉም ይበርድ ነበር። እንዲያውም መንፈሳዊ መስዬ እወጣለሁ። ይህ ሐሳብ በራሴ ውስጥ ሲመጣ ራሴን ተጸየፍኩት።

በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። አልረሱም አልኩ። ጾመው ነው። የጾሙት እኔ ለጸሎት ተለይቻለሁ ብዬ ስለላክኩ ነው። እኔ ግን አልጾምኩም፣ አልተለየሁም፣ ሞሮኮ ባሕር ዳር እየተዝናናሁ ነበር። ረስተው ነው ብዬ ያስተረጎምኩትም ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ነው። የልጃቸው እንባ ወዲያው ቆመ፣ ዐይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምን አልሻቸው?» አሉ እትዬ።

በእንግሊዝኛ ለባዕድ መናገር ቀላል ነበር። ያንኑ አሁን በአማርኛ፣ በአንቱታ፣ ለእሳቸው መናገር ነበረብኝ። ብዙ ጊዜ የሐኪም ክፉ ዜና አስተርጉሜያለሁ፤ የራሴን ክፉ ዜና ያስተረጎምኩት ግን የዚያን ቀን ነው። ጀልባዎቹን ሳይቀር ነገርኳቸው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስጨርስ አንሶላውን በጣታቸው ማጠፍ ጀመሩ።

«ዕረፍት ልወጣ ነው ብትዪኝ ኖሮ እደውልልሽ ነበር?» አሉኝ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። አይደውሉም ነበር። እንዲያውም ደህና ብዪ፣ ብርድ ልብስ ያዢ ይሉኝ ነበር። ይህን እዚያው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነው የተረዳሁት።

የማስታወስ ምርመራውን በስልክ አስተርጓሚ አደረጉላቸው። የወሩን ስም፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠሩን ሁሉ አለፉ። ሁለት ወር በሚያራምድ ብረት መራመድ ተለማምደው ፊትዝሮይ ተመለሱ። ልጃቸው ለኔ ሰላምታዋ እስካሁን ከአንገት በላይ ነው፣ አልፈርድባትም። ለጸሎት ቡድኑም ነገሩን ጻፍኩ፤ አንዳንዱ ጌታ ይቅር ይበልሽ አለ፣ አንዳንዱ ምንም አላለም። እትዬ ግን ይቅር ብዬሻለሁ ብለው ግንባሬን ስመውኛል፣ ከጎመናቸውም ቆርጠው ሰጥተውኛል።

ባለፈው ወር ለክትትል ቀጠሮ እኔ ነኝ በመኪና የወሰድኳቸው። ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ እንደ ልማዴ ቦርሳቸውን አንሥቼ ተነሣሁ። እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉና ለነርሷ በገዛ እንግሊዝኛቸው «ኢንተርፕሬተር ፕሊስ» አሏት። ተለማምደውት መሆን አለበት፣ አልተደናቀፉም።

ወደ እኔ ዞረው «አንቺማ ልጄ ነሽ» አሉኝ። «ቁጭ በይ፣ እረፊ። ቃሌን ግን ሌላ ሰው ያድርስልኝ።»

ብረታቸውን እየገፉ ገቡ፣ ነርሷ በሩን ዘጋችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እትዬ ለሐኪማቸው ምን እንዳሉ አላውቅም።