የባለቤቴ አፍንጫ ቀድሞ ዳነ

መጀመሪያ የጠፋብኝ የኮረሪማ ሽታ ነው። ቦንጋ ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ የመሰለ ቅመም መሸጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የቆየውን ከአዲሱ የምለየው በአፍንጫዬ ነው። ከባድ ጉንፋን ይዞኝ በተነሣሁ ሰሞን አንድ ጠዋት ጆንያ ፈትቼ ፊቴን አስጠጋሁ። ምንም። ሌላውን ፈታሁ። ምንም።

ባለቤቴ ታደሰ መምህር ነው። አብረን ታመን ስለነበር የእሱም ማሽተት ጠፍቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ አጽናንቶኛል። ወጡ ሲያርር ሁለታችንም አላወቅንም፤ ሳቅን። ገበያ ላይ ግን የሻገተ ኮረሪማ ሸጬ ደንበኛዬ መልሳ አመጣችው። "አስቴር፣ አንቺ እንዲህ አታደርጊም ነበር" አለችኝ።

ሳሎናችን መስኮት ላይ በቀለም ጣሳ የተተከሉ ሁለት የጄራንየም አበቦች አሉ። ቅጠላቸው ሲታሽ አንዱ ጽጌረዳ፣ ሌላው ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ከሺሺንዳ ከተማ ቅርንጫፍ ቆርጬ አምጥቼ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። ታደሰ ዞር ብሎም አያያቸውም ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ዝናብ ገበያውን በተነውና ቀደም ብዬ ቤት ገባሁ። ታደሰ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ቅጠል አሽቶ አፍንጫው ላይ ይዟል። ዓይኑን ጨፍኗል።

"መቼ ነው የተመለሰልህ?"

ደነገጠ። "ወር ሆኖታል። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

ከሌላ ሴት ጋር ያገኘሁት ያህል ነደድኩ። ጣሳዎቹን ተሸክሜ ጓሮ ጣልኳቸው። ለቀናት አላናገርኩትም። እየጣፈጠው ሲበላ ሳየው ሰሃኑን ነጥቄ ልደፋው ይቃጣኛል።

ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ ግን እሱ ነው። ሐኪሙ አፍንጫዬን በመብራት አየ። "ፖሊፕ የሚባለው የውስጥ እብጠት የለም። ከቫይረሱ በኋላ የመጣ አኖስሚያ፣ ማለትም ማሽተት ማጣት ነው፤ የማሽተት ነርቩ ተጎድቷል" አለኝ። መድኃኒት ጠበቅሁ። "የሚያስፈልግዎት ልምምድ ነው። ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚ፣ ጽጌረዳ፤ እያንዳንዱን ጠዋትና ማታ ሃያ ሰከንድ ያሽትቱ። ወራት ይፈጃል። ለሁሉም ሰው አይመለስም፤ ይህን አልደብቅዎትም።"

ታደሰ አየኝ። ዓይኑን ሸሸሁት። እቤት እንደደረስን ጓሮ ወርደን ጣሳዎቹን አነሣን። የአንዱ ግንድ ተጣሟል፤ በዝናቡ ግን ሳይደርቁ ቆይተዋል።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አጠገቤ እየተቀመጠ ቅጠሉን ቀድሞ ያሸትና ይነግረኛል። "እንደ ሎሚ ልጣጭ ነው፤ ከሥሩ ትንሽ ሣር ሣር ይላል።" እቀናበታለሁ፤ ቢሆንም ድገምልኝ እለዋለሁ። በአራተኛው ወር የጽጌረዳው ቅጠል እንደተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። አለቀስኩ። ሐኪሙ ግን "ሽታ እንዲህ ሲዛባ ፓሮስሚያ ይባላል፤ ነርቩ እየተመለሰ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው" አለኝ። በስድስተኛው ወር የሎሚው መጣ፤ ስስ ነው፣ ግን ራሱ ነው። ለሁለት ቀን ለታደሰ አልነገርኩትም። ለኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ።

ዛሬም አልሞላልኝም። የጽጌረዳው አሁንም ተጣሞ ነው የሚመጣው፤ ኮረሪማው ላይ ጥርጣሬ ሲገባኝ ገበያ ላይ አጠገቤ ያለችው ነጋዴ ታሸትልኛለች፤ እግዜር ይስጣት። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፤ ያልሆነ ተስፋ አልሰጠኝም።

እንደኔ የሆናችሁ፣ ሰው ያለውን ሁሉ አፍንጫችሁ ውስጥ አትጨምሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ። ያደረ ምግብ ለሌላ ሰው አስሸትቱ፤ የጋዝ ምድጃችሁን ሁለቴ ተመልከቱ። ልምምዱን ምንም ባይሸታችሁም አታቋርጡ። የናንተ ቀድሞ የተመለሰላችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ። በሽተኛው ይቀናባችኋል። ይቅና። እኔ እስከ ዛሬ በታደሰ እቀናለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ቅጠሉን አብረን ነው የምናሸተው።